ሎኩም፦ የእንግዳ መቀበያው ጣፋጭ እንዴት የጠንቋይ ማጥመጃ ሆነ?

የሶልያና እናት (ውይይቱን የከፈተች)

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ ቤተሰቦች። ባለፈው ሳምንት ከአውሮፓ ስመለስ ኢስታንቡል ላይ ቀጣዩን በረራ ለመጠበቅ አምስት ሰዓት ያህል መቀመጥ ነበረብኝና፣ ባዶ እጄን ከምገባ ብዬ ለአሥር ዓመት ልጄ ሎኩም የተባለውን የቱርክ ጣፋጭ አንድ ሣጥን ገዛሁ። ግማሹ ሮዝ ግማሹ አረንጓዴ፣ አራት ማዕዘን ሆኖ የተቆረጠ፣ በነጭ ዱቄት የተነሰነሰ፣ 24 ፍሬ የያዘ ነው። ቤት ደርሼ ሣጥኑን ስከፍትላት ግን ልጄ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለችና «ይሄ እኮ ጠንቋይዋ ለኤድመንድ የሰጠችው ነው፤ አልበላም» አለችኝ።

ለማያውቁት ለመግለጽ ያህል፣ ልጄ የምትጠቅሰው በእንግሊዝኛ የሚያስተምረው ትምህርት ቤቷ ያስነበባትን «አንበሳው፣ ጠንቋይዋና ቁም ሣጥኑ» የተሰኘውን የሲ.ኤስ. ሉዊስ መጽሐፍ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ኤድመንድ የተባለው ልጅ ወንድምና እህቶቹን ለነጯ ጠንቋይ አሳልፎ እስከ መስጠት የሚደርሰው በዚሁ ጣፋጭ ተታሎ ነው። እኔም የተነበበውን ክፍል ካየሁት በኋላ አንድ ጥያቄ አእምሮዬ ውስጥ ቀረ። ከዓለም ጣፋጭ ሁሉ፣ ቸኮሌትም ኬክም እያለ፣ ደራሲው ስለ ምን ይህን መረጠ? ጣፋጩ በራሱ አገር ከክፉ ነገር ጋር የሚያገናኘው ታሪክ አለውን? የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ፤ ለልጄ የምመልሰው ነገር ያስፈልገኛል።

መጽሐፍ ጠራጊ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው፤ መልሱ ግን ከጣፋጩ ይልቅ መጽሐፉ በተጻፈበት ዘመን ውስጥ የሚገኝ ይመስለኛል። መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1950 ሲሆን በዚያን ጊዜ እንግሊዝ አገር ከረሜላና ቸኮሌት በኩፖን ነበር የሚሸጠው። ራሽኑ የተጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። ጦርነቱ ካበቃ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 1949፣ ቢነሣም ሕዝቡ ሱቆቹን በአንድ ጊዜ ስላራቆታቸው በዚያው ዓመት ነሐሴ ተመልሶ ተጣለ፤ ለመጨረሻ ጊዜ የተነሣው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1953 ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ሰው በአራት ሳምንት የሚደርሰው 12 አውንስ፣ ማለትም 340 ግራም ገደማ ነበር።

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ። ኤድመንድ በበረዶ መካከል ብቻውን ቆሞ እየተንቀጠቀጠ ሳለ ጠንቋይዋ ከትንሽ የመዳብ ጠርሙስ አንድ ጠብታ በበረዶው ላይ ታንጠባጥብና በመጀመሪያ ትኩስ መጠጥ፣ ቀጥሎም በአረንጓዴ የሐር ጥብጣብ የታሰረ ክብ ሣጥን ይወጣል። በሣጥኑ ውስጥ ያለው ሎኩም በርከት ያለ ፓውንድ እንደሚመዝን መጽሐፉ ይናገራል። ዝቅ አድርገን ሦስት ፓውንድ ብንለው እንኳ 48 አውንስ ነው፤ ይህም የአንድ ልጅ የአሥራ ስድስት ሳምንት ድርሻ መሆኑ ነው። ልጁ ይህን ሁሉ በአንድ መቀመጫ ጨርሶ አፉና ጣቶቹ ሙጫ እስኪመስሉ ድረስ ይጣበቃሉ። በ1950 ይህን ገጽ ያነበበ የለንደን ልጅ ኤድመንድን ለመፍረድ የሚቸኩል አይመስለኝም፤ ምራቁን እየዋጠ ነው ያነበበው።

ሌላው ልብ የሚባለው ነገር፣ ልጁ ሲበላ ጠንቋይዋ ዝም ብላ አትመለከተውም። ስንት ወንድምና እህት እንዳለው፣ እህቱ ቀደም ብላ ማንን እንዳገኘች አንድ በአንድ ትጠይቀዋለች፤ እርሱም አፉን ሞልቶ ስለሚጎርስ ለምን እንደምትጠይቀው ለማሰብ ፋታ አያገኝም። ሣጥኑ ሲያልቅ ሌላ እንድትሰጠው ቢለምናት ትከለክለዋለች፤ ቤተ መንግሥቷ ውስጥ ግን በሎኩም የተሞሉ ክፍሎች እንዳሉ ትነግረውና ወንድምና እህቶቹን ይዞ እንዲመጣ ታዘዋለች። በኋላ ብቻውን ሄዶ ሎኩሙን ሲጠይቃት የቀረበለት በብረት ሳህን ደረቅ ዳቦና በብረት ጎድጓዳ ዕቃ ውሃ ነው። በእኔ ግምት ልጅሽን ያስደነገጣት የጣፋጩ ጣዕም ሳይሆን ይህ አሠራር ነው፤ ልጆች የጉቦን ነገር ከእኛ ቀድመው ይረዱታል።

ስኳር አቅላጭ

እኔ በኬክ ቤት ከሃያ ዓመት በላይ የሠራሁ ሰው ስለሆንሁ ከመጽሐፉ ይልቅ ስለ ድስቱ ብናገር ይሻለኛል፤ ነገር ግን ጉዳዩ ከድስቱም ጋር ግንኙነት አለው።

ሎኩም ሲባል ስኳር፣ ውሃ፣ ስታርችና ትንሽ አሲድ ነው፤ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው። ሁለት ድስት ይጣዳል። በአንደኛው አራት ስኒ ስኳር ከውሃና ከሎሚ ጭማቂ ጋር ይፈላል፤ ሎሚው የሚገባው ስኳሩ ተመልሶ እንደ አሸዋ እንዳይጠጥር ለመጠበቅ ነው። ሽሮፑ 115 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ይወርዳል። በሁለተኛው አንድ ስኒ የበቆሎ ስታርች በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ እሳት ላይ ይማሰላል፤ መጀመሪያ አጥሚት ይመስላል፣ ከዚያ በድንገት ወፍሮ የወረቀት ሙጫ ይሆናል። ሽሮፑን ቀስ እያሉ ይጨምሩበትና እሳቱን ዝቅ አድርገው አንድ ሰዓት ያህል ሳያቋርጡ ያማስሉታል። ገንፎ ያገነፋ ክንድ ብቻ ነው ይህን የሚችለው። ቀለሙ ከነጭነት ወደ ወርቃማ ብርሃን አሳላፊነት ሲለወጥ፣ ማማሰያውም ሲነሣ እንደ ላስቲክ ሲሳብ የጽጌረዳ ውሃ ይንጠባጠብበትና ትሪ ላይ ፈስሶ ያድራል። በማግስቱ ተቆርጦ በደቀቀ ስኳርና በስታርች ድብልቅ ይንከባለላል። በላዩ የምታዩት ነጭ ዱቄት ስኳር ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ስታርች የሚደባለቅበት ምክንያት ስኳር ብቻውን ከሎኩሙ እርጥበት ስቦ ስለሚቀልጥና ፍሬዎቹን እርስ በርስ ስለሚያጣብቃቸው ነው።

አንዳንድ ቦታ ጄላቲን ጨምረው በሃያ ደቂቃ የሚያወጡት አለ። እርሱ ሌላ ነገር ነው፤ ጥርስ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይሰበርም።

ይህን ሁሉ ያልሁት ለምንድን ነው? መጽሐፉን የልጅ ልጄ አስነብባኝ ነበርና በዚያ ያለው ሎኩም እስከ መሃሉ ድረስ ለስላሳና ጣፋጭ እንደሆነ ተጽፏል። እውነት ነው፤ የጥሩ ሎኩም ምልክቱ ይህ ነው፤ ክፉ ሎኩም ጠርዙ ይደርቅና መሃሉ ጥሬ ስታርች ይሸታል። ስለዚህ ጸሐፊው ጥሩውን ሎኩም የቀመሰ ሰው ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

አልስማማም ባይ

ከመጽሐፍ ጠራጊ ጋር በግማሹ እስማማለሁ፤ ራሽኑ ልጁ ለምን እንደተስገበገበ ያስረዳል። ነገር ግን ራሽኑ ቸኮሌትንም ይመለከት ነበር፤ ስለዚህ «ለምን ሎኩም?» የሚለውን የእህታችንን ጥያቄ አይመልስም።

እንደ እኔ አስተያየት መልሱ በስሙ ውስጥ ነው። ቱርኮች ሎኩም ይሉታል፤ ቃሉ የመጣው የጉሮሮ ዕረፍት የሚል ትርጉም ካለው ከዐረብኛው «ራሐት አል-ሑልቁም» ነው። እንግሊዞች ግን ይህን ትተው «የቱርክ ደስታ» የሚል ስም አወጡለት። በዚህ ስም ውስጥ ሐረም፣ ሽቶ፣ ትራስ ላይ መንጋለል፣ ሥራ መፍታት ሁሉ ተሸፍኗል፤ የዚያ ዘመን አውሮፓዊ ስለ ምሥራቅ የነበረውን ሥዕል በሁለት ቃል ያሸከመ ስም ነው። ጠንቋይዋ ለልጁ የአጃ ብስኩት ብትሰጠው ኖሮ አንባቢው አይጠራጠርም ነበር። ሎኩም ስትሰጠው ግን የእንግሊዝ ልጅ ገና ከስሙ የሩቅ አገር ፈተና ይሸተዋል። ይኸው ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው የዚያው ተከታታይ ሌላ መጽሐፍ ታሪኩ ከሚፈጸምባት ምናባዊ አገር ከናርኒያ በስተደቡብ ያሉትን ጠላቶች ጥምጥም የጠመጠሙና ጎራዴያቸው የተቆለመመ አድርጎ እንደሣላቸው ስናስታውስ፣ የጣፋጩ ምርጫ እንዲሁ በአጋጣሚ የመጣ ነው ለማለት ያዳግተኛል።

ለራሱ ለሎኩም ይህ ግፍ ነው። በኢስታንቡል ከካስታሞኑ የመጣው ሐጂ በኪር እ.ኤ.አ. በ1777 ባህቼካፒ በተባለው ሰፈር ሱቁን ከከፈተ ጀምሮ፣ ዘሮቹ እስከ ዛሬ እዚያው ይሸጡታል። ሎኩምን የፈለሰፈው እርሱ ነው ወይስ ቀድሞ በማርና በወይን ሽሮፕ፣ በዱቄትም ይሠራ የነበረውን በስኳርና በስታርች አሻሻለው የሚለው ያከራክራል፤ ጣፋጩ ግን እዚያ አገር የሚታወቀው በበዓል፣ በእንግዳ መቀበያና በቡና ነው። የረመዳን ጾም ሲፈታ የሚከበረውን በዓል ቱርኮች የስኳር በዓል እስከ ማለት የደረሱት ለጎብኚውና ለሰፈር ልጆች ሎኩምና ከረሜላ ስለሚታደል ነው። «ጣፋጭ እንብላ፣ ጣፋጭ እንነጋገር» የሚል አባባልም አላቸው፤ የእኛውን «ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» አያስታውሳችሁም?

መጽሐፍ ጠራጊ

ወንድሜ፣ ስለ ደቡቦቹ ጎራዴ ያነሣኸውን አልክድም። ሆኖም ጠንቋይዋ ራሷ የበረዶ አገር ገዢ ነች፤ ነጭ ፀጉር ለብሳ በአጋዘን በሚጎተት ተንሸራታች ጋሪ ነው የምትሄደው፤ ምሥራቃዊ ምልክት በላይዋ የለም። ደግሞም ሎኩም በእንግሊዝ ልቦለድ ውስጥ ሁልጊዜ አጥማጅ አልነበረም። ዲከንስ ሳይጨርሰው በሞተው፣ እ.ኤ.አ. በ1870 በታተመው «የኤድዊን ድሩድ ምሥጢር» ውስጥ ሮዛ የተባለችው ወጣት ከእጮኛዋ ጋር ስትወጣ ሎኩም ከሚሸጥበት ሱቅ ትገባለች፤ ጓንቷን አውልቃ ትበላና በየመሃሉ ጣቶቿን ወደ ከንፈሯ እየወሰደች ዱቄቱን ታጸዳለች። እዚያ ሎኩም የልጅነት ምልክት ብቻ ነው። እጮኛዋ አልበላም ሲላት እርስዋ ዱቄቱን ከጣቷ እያጸዳች ማውራቷ ከመላው መጽሐፉ ያስደሰተኝ ቦታ ነው፤ መጽሐፉ ግን የጨለመ ነው።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1914 ጀምሮ ፍራይ የተባለው የብሪስቶል ፋብሪካ ጽጌረዳ የሚሸት ቀይ ጄሊ በቸኮሌት ሸፍኖ «የቱርክ ደስታ» በሚለው ስም ይሸጥ ስለነበር፣ ለእንግሊዝ ልጅ ስሙ ከሰፈር ሱቅም የሚገኝ ነበር። እና ምርጫው፣ ልጁ የሚያውቀው ሆኖም በዚያ ዘመን እንደ ልቡ የማያገኘው ነገር ነው ብል ይሻላል።

የሌላ ዓለም ምግብ መብላት አደጋ ነው የሚለው ሐሳብ ደግሞ ከሉዊስ በፊት የቆየ ነው። በግሪኮች ተረት ፐርሰፎኒ በሙታን አገር ጥቂት የሮማን ፍሬ በመብላቷ በየዓመቱ ወደዚያ ለመመለስ ተገድዳለች። ክሪስቲና ሮሴቲ እ.ኤ.አ. በ1862 ባሳተመችው ረጅም ግጥም ውስጥም ከሁለት እህትማማች አንደኛዋ ከርኩሳን ነጋዴዎች ፍራፍሬ ቀምሳ በናፍቆት ትመነምናለች። ሉዊስ ያንን አሮጌ ዛፍ ነው ያፀደቀው፤ ያንጠለጠለበት ፍሬ ብቻ አዲስ ነው።

ቤይሩት ስምንት ዓመት

የእናንተን ክርክር እያነበብሁ ፈገግ አልሁ፤ እኔ ይህን ጣፋጭ የማውቀው በመጽሐፍ አይደለም። ቤይሩት ሰው ቤት ስሠራ በነበርሁበት ጊዜ ሊባኖሶች ራሃ ይሉት ነበር፤ በሁለት ደረቅ ብስኩት መካከል አንዱን ፍሬ አስገብተው ተጭነው ጠፍጥፈው ይበሉታል። የአሠሪዬ እናት፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አሮጊት፣ ከሰዓት በኋላ ቡና ሲያፈሉ አንዱን ለራሳቸው አንዱን ለእኔ ያዘጋጁ ነበር። ቋንቋ አንግባባም፤ ብስኩቱን በጣታቸው ተጭነው ራሃው በጎን ብቅ ሲል እየሳቁ ያቀብሉኛል። በዚያ ቤት እንደ ሰው የተቆጠርሁበት ሰዓት ያ ብቻ ስለነበር ጣፋጩ ለእኔ ክፉ ሊሆን አይችልም።

ነገር ግን አንድ ነገር ልጨምር። አገሬ ሳለሁ እናቴ «ከማታውቂው ሰው ከረሜላ እንዳትቀበዪ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ሁላችሁም ይህን የሰማችሁ ይመስለኛል። ስለዚህ የሶልያና ፍርሃት ከእንግሊዝ መጽሐፍ ብቻ የመጣ አይመስለኝም፤ መጽሐፉ የነገራት ቀድሞ ከቤት የሰማችውን ነው።

ተሳላሚ

ክርክሩን ካየሁ በኋላ ዝም ማለት አልቻልሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በግሪክ የአቶስ ተራራ ገዳማትን ተሳልሜ ነበር። ከወደብ ተነሥቼ ሁለት ሰዓት በእግሬ ወጥቼ፣ ላብ አስጥሞኝ ከገዳሙ በር ስደርስ እንግዳ ተቀባዩ መነኩሴ ትሪ ይዘው መጡ፤ በትሪው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ቡና፣ በትንሽ ብርጭቆ አረቄና አንድ ፍሬ ሎኩም ነበረበት። እነርሱ ሉኩሚ ይሉታል። ለመንገደኛ ሁሉ የሚቀርብ ነው። ወተትም ቅቤም እንቁላልም ስለሌለበት በጾም ወራት ይበላል፤ ግሪኮችና ቆጵሮሶች በዐቢይ ጾም ከቡና ጋር ሲያቀርቡት አይቻለሁ። ቆጵሮስ ውስጥ የምትገኘው የዬሮስኪፑ መንደርማ ሎኩሟ በስሟ እንዲጠራ እ.ኤ.አ. በ2007 ከአውሮፓ ኅብረት የመገኛ ስም ጥበቃ አግኝታለች።

እንግዲህ አስቡት፤ የነጯ ጠንቋይ ማጥመጃ የሆነው ጣፋጭ የጾም ምግብ ነው። ሉዊስ ክርስቲያን ጸሐፊ ነበርና ይህን ቢያውቅ ኖሮ ምን ይል ነበር ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። እኔ የቀመስሁት የማስቲካ ሙጫ የገባበት ነበር፤ ሙጫው የሚገኘው ከኪዮስ ደሴት ሲሆን፣ እኛ ለምናኝከው ሁሉ ማስቲካ የምንለውም ከዚያው ቃል ነው። ሽታው ጥድና ዕጣን መካከል ያለ ነው፤ አፍን ያነጻል። ለድካም መድኃኒት የመሰለኝ ጣፋጭ ያን ቀን የቀመስሁት ብቻ ነው።

ስለ ልጅቷ አንድ ነገር ልበል። ጠንቋይዋ ራሷ ሎኩሙ አስማት የገባበት መሆኑን ታውቃለች፤ አንድ ጊዜ የቀመሰው ደግሞ ደግሞ እንደሚመኝ፣ ቢፈቀድለት ራሱን እስኪገድል እንደሚበላ መጽሐፉ በግልጽ ይናገራል። ኤድመንድም ከበላ በኋላ ሆዱን እየከበደው፣ ሴትዮዋ አደገኛ መሆኗን እየሰማ እንኳ ከምንም በላይ የሚፈልገው እንደገና መቅመስን ነበር። ስለዚህ መርዙ ያለው በአስማቱ ነው፤ የባሕቼካፒው ሎኩም ከዚህ ኃጢአት ንጹሕ መሆኑን ሊነግሯት ይችላሉ።

አልስማማም ባይ

አባቴ፣ ስለ ገዳሙ የነገሩን የእኔን ነገር ያጠነክረዋል። አንዱ ጣፋጭ በአቶስ የእንግዳ ክብር፣ በኢስታንቡል የበዓል ስጦታ፣ በቤይሩት የአሮጊት ፍቅር ከሆነና በለንደን ብቻ የጠንቋይ መሣሪያ ከሆነ፣ ተጠያቂው የለንደን ዓይን ነው። መጽሐፍ ጠራጊ ስለ ተንሸራታች ጋሪው ያለው ግን ትክክል ነው፤ በዚያ ላይ የምመልሰው የለኝም።

ስኳር አቅላጭ

ከሁሉ የሚገርመኝ ሌላ ነው። መጽሐፉን ወይም እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣውን ፊልም አይተው ሎኩም ፍለጋ ወደ እኛ ቤት የመጡ ወጣቶች ነበሩ። አንድ ፍሬ ይቀምሱና ፊታቸው ይለወጣል፤ «ሳሙና ሳሙና ይላል» ይሉኛል። የጽጌረዳው ሽታ ነው። ስኳር እንደ ልብ በሆነበት ዘመን ለተወለደ ልጅ፣ ወንድሙን የሚያስከዳ ጣዕም ብሎ በልቡ ያስቀመጠውን ምንም ድስት አያወጣለትም። እኔ ለእነዚህ ፒስታቺዮ ያለበትን እሰጣቸዋለሁ፤ እርሱን ይወዱታል።

የሶልያና እናት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ የመነኩሴውን ትሪና የቤይሩቷን አሮጊት ነገር ለልጄ አነበብሁላት። በጥሞና ሰማችኝ፤ ስለ ኩፖኑ ብዙ ጠየቀችኝ፤ በአራት ሳምንት 340 ግራም ስንት ፍሬ እንደሚሆን በሚዛን እንድንለካ ፈልጋ ሣጥኑን ከመደርደሪያ አወረድን። ከዚያ «አሁንም አልበላም» ብላ ተኛች።

ዛሬ ጠዋት ሣጥኑን ስከፍተው 24 የነበረው 19 ሆኗል። ስጠይቃት ዓይኔን እያየች «እኔ አልነካሁትም» አለችኝ። ኤድመንድም ከናርኒያ ሲመለስ ወንድምና እህቶቹን እዚያ ሄጄ አላውቅም ብሎ መዋሸቱን አስታወስሁና ምንም አላልሁም። የሒሳብ ደብተሯ ጠርዝ ላይ ግን የአምስት ጣት ነጭ አሻራ ነበረበት።

ስኳር አቅላጭ

ያጋለጣት ስታርቹ ነው፤ ስኳር ብቻ ቢሆን ኖሮ ሲነጋ ቀልጦ በጠፋ ነበር።